ተራ የያዘው ድንጋይ፦ በፖስትግሬስ ውስጥ ቦታ ያዥ ታይፕ እንዴት ይቀረፃል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ቦኖ ውሃ የቀዳ ሰው የድንጋይ ሰልፍ ያውቃል። ሰዉ ገና ሳይነጋ ይመጣል፣ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ውሃው ሲለቀቅ የድንጋዩ ባለቤት ጀሪካኑን ይዞ ይደርሳል። ድንጋዩን ገፋ ያደርግና በቦታው ይቆማል። በድንጋይ ውሃ ሊቀዳ የሚሞክር የለም። ባለቤቱ ያልታወቀ ድንጋይ ከተገኘ ግን ጠብ ይነሳል።

ዳታቤዝ ውስጥም እንዲህ ያለ ድንጋይ አለ። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ስዩዶታይፕ ይለዋል፣ እኔ ቦታ ያዥ ታይፕ እለዋለሁ። ታይፕ ማለት የዳታ ዓይነት ነው፤ ቁጥር፣ ጽሑፍ፣ ቀን እንደሚባለው። ታይፕ ይመስላል፣ ስምም አለው፣ ግን ዋጋ አይቀመጥበትም። በፋንክሽን መግቢያና መውጫ ላይ ቆሞ እውነተኛውን ታይፕ ይጠብቃል። ቦታ ያዥ ስትቀርፁ ሁለት ነገር ቀድሞ መመለስ አለበት፦ ማን ይተካዋል? መቼ? እነዚህን ሳልመልስ የሠራሁት ሥራ አንድ እህል መጋዘን ውስጥ አሳፍሮኛል። እሱን ወደኋላ አመጣዋለሁ።

ለልምምዱ ፖስትግሬስ 13 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች የሱፐርዩዘር መብትና የሲ ኮምፓይለር ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ በሥራ ሰርቨር ላይ ሳይሆን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩት። የትእዛዞቹን ስም እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ነው። የራሳችሁን ስሞች ግን በአማርኛ መስጠት ትችላላችሁ። ፖስትግሬስ ኢትቀን ወይም ተካ የሚል ስም ያለ ጥቅስ ምልክት ይቀበላል። አንድ ስም ከ63 ባይት አይበልጥም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ የእኛ ስም 21 ፊደል ላይ ያበቃል ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ያሉትን ድንጋዮች ቁጠሩ

ፒጂ ታይፕ የሚባለው ካታሎግ ሁሉንም ታይፖች ይመዘግባል። በውስጡ ታይፕታይፕ የሚባል አንድ ፊደል ብቻ የሚይዝ ኮለም አለ። ቢ ከሆነ መሠረታዊ ታይፕ ነው፣ ሲ ከሆነ የቴብል ረድፍ፣ ዲ ከሆነ ዶሜይን (በነባር ታይፕ ላይ ገደብ የተጨመረበት)፣ ኢ ከሆነ ኢነም (የተወሰኑ ቃላት ዝርዝር)። ፒ ከሆነ ቦታ ያዥ ነው። ፒ የሆኑትን ሁሉ መርጣችሁ አውጡና አንብቧቸው። አንኖውንን በቁጥር 705፣ ሬኮርድን በ2249፣ ቮይድን በ2278፣ ኤኒኤለመንትን በ2283 ታገኛላችሁ።

ከዚያ ኮለሙ ኤኒኤለመንት የሆነ ቴብል ለመፍጠር ሞክሩ። ፖስትግሬስ ኮለሙ ስዩዶታይፕ ነው ብሎ ይመልሳችኋል። ይህን ስህተት በዓይናችሁ እዩት። ድንጋይ ውሃ አይቀዳም የሚለው ሕግ ይኸው ነው።

ደረጃ 2፦ ለምን እንደምትፈልጉት ወስኑ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ቦታ ያዥ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤኒኤለመንት «ማንኛውም ታይፕ ይምጣ፣ ሲመጣ ግን አንድ ይሁን» ይላል። አንኖውን «ይህ በጥቅስ የተጻፈ ቃል ገና አልተወሰነም» ይላል። ቮይድ «የሚመለስ ነገር የለም» ነው። ትሪገር የሚባለው፣ ፋንክሽኑ ለትሪገር (ቴብል ላይ ለውጥ ሲኖር በራሱ ለሚነሳ ሥራ) ብቻ መሠራቱን ያሳያል። ሲስትሪንግ ከውጭ የገባ ጥሬ ጽሑፍ ነው። ሬኮርድ ኮለሞቹ ገና ያልታወቁ ረድፍ ነው። ኢንተርናል ደግሞ በዳታቤዙ ሆድ ውስጥ ብቻ የሚዘዋወር ነገር ነው።

ድሮ እነዚህ በደንብ አልተለዩም ነበር። እስከ 2002 ኦፔክ የሚባል አንድ ቃል የትሪገሩንም፣ የቮይዱንም፣ የጥሬ ጽሑፉንም ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ድንጋይ የአምስት ቤተሰብ ተራ እንደያዘ ቁጠሩት። ፋንክሽኑ ምን እንደሚቀበል ዳታቤዙ ስለማያውቅ የተሳሳተ ነገር ሲላክለት ሊከለክል አይችልም ነበር። ስሪት 7.3 ለየያቸው። ኦፔክ ራሱ ሙሉ በሙሉ የተወገደው በስሪት 13፣ በ2020 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! አሻሚ ቦታ ያዥ አንዴ ከገባ ለማውጣት ይህን ያህል ያደክማል።

ኢንተርናል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አቀራረፁ በጣም ደስ ይለኛል። ተጠቃሚ በኤስኪውኤል የኢንተርናል ዋጋ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ስለዚህ ኢንተርናል የሚቀበል ፋንክሽን ከውጭ ሊጠራ አይችልም። ጥበቃው ያለ ምንም ዘበኛ፣ በታይፑ ብቻ ይመጣል። ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ኢንተርናል ሳይቀበል ኢንተርናል የሚመልስ ፋንክሽን ከተጻፈ፣ ተጠቃሚው በእሱ በኩል ዋጋውን አግኝቶ ለሌላው ፋንክሽን ይሰጠዋል። ያኔ ሰርቨሩ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኢንተርናል የሚመልስ ፋንክሽን ቢያንስ አንድ ኢንተርናል መቀበል አለበት። የራሳችሁን ቦታ ያዥ ስታስቡም ይህንኑ ጠይቁ። በየት በኩል ሾልኮ ሊወጣ ይችላል?

ደረጃ 3፦ ማንኛውንም ታይፕ የሚቀበል ፋንክሽን ጻፉ

ተካ የሚል ፋንክሽን ፍጠሩ። ሁለት ኤኒኤለመንት ይቀበል፣ ኤኒኤለመንት ይመልስ። ውስጡ የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ሁለተኛውን የሚመልስ አንድ መስመር ኤስኪውኤል ነው፤ ኮአለስ ይበቃል።

አሁን በኩንታል ሞክሩት። 3 እና 5 ስጡት። ሁለቱም ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ስለሆኑ 3 ይመልሳል። 3 እና 2.5 ስጡት። እንዲህ ያለ ፋንክሽን የለም ይላችኋል። 3 ኢንቲጀር ነው፣ 2.5 ኒውመሪክ (ነጥብ ያለው ቁጥር) ነው፤ ኤኒኤለመንት ደግሞ በሁለቱም ቦታ አንድ ታይፕ እንዲመጣ ይፈልጋል። ፋንክሽኑ ፊታችሁ ተቀምጦ የለም ሲባል መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ለማለት የፈለገው ግን ለዚህ ጥምረት የሚሆን የለም ነው።

በስሪት 13 የመጣው ኤኒኮምፓቲብል ለዚህ የተሠራ ነው። ሁለቱን ኤኒኤለመንቶችና ውጤቱን በኤኒኮምፓቲብል ቀይራችሁ በሌላ ስም ፍጠሩት። አሁን 3 እና 2.5 ሲመጡ ወደ ጋራ ታይፕ፣ ወደ ኒውመሪክ ያመጣቸዋል።

ቀጥሎ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጤፍ የሚል ቃል ለሁለቱም ቦታ ስጡ። የመጀመሪያው ተካ ታይፑን መወሰን አልቻልኩም፣ የመጣው አንኖውን ነው ይላል። ሁለት ድንጋይ ተያይተው ቀሩ፤ ባለቤት የለም። አንዱን ወደ ቴክስት ካስት ብታደርጉት፣ ማለትም ታይፑን ብትቀይሩት፣ ሌላው ይከተለዋል። ኤኒኮምፓቲብሉ ግን ሁሉም አንኖውን ከሆኑ ቴክስት ናቸው ብሎ ይወስናል። እንግዲህ ሁለት የተለያየ ጠባይ ነው። ማንም ሳይነግረው መወሰን የሌለበት ነገር ከሆነ ኤኒኤለመንት ይሻላል። ለተጠቃሚው ምቾት ከቀደመ ኤኒኮምፓቲብል።

ደግሞ ጠባቡ ካለ ሰፊውን አትውሰዱ። ለኢነም ብቻ የሚሆን ፋንክሽን ከሆነ ኤኒኢነም አለ። ዝርዝር ከሆነ ኤኒአሬይ አለ። ምንም ሳይቀበል ኤኒኤለመንት የሚመልስ ፋንክሽን ደግሞ ጭራሽ አይፈጠርም። ታይፑን ከየት ያመጣዋል?

ደረጃ 4፦ አዲስ ስዩዶታይፕ ካስፈለገ

በክሬት ታይፕ አዲስ ስዩዶታይፕ መፍጠር አይቻልም። ዶሜይንም በስዩዶታይፕ ላይ አይሠራም። የቀረው መንገድ የፖስትግሬስን ሶርስ ኮድ መንካት ነው። ፒጂ ታይፕ ነጥብ ዳት በሚባለው ፋይል ላይ አዲስ መስመር ይጨመራል፤ ታይፕታይፑ ፒ፣ ምድቡም ትልቁ ፒ ይሆናል። ቁጥር ሲመረጥ ለሙከራ ሥራ የተተወው ከ8000 እስከ 9999 ያለው ነው። ከዚያ ስዩዶታይፕስ ነጥብ ሲ ውስጥ ማስገቢያና ማስወጫ ፋንክሽን ይሰጠዋል። የእነዚህ ፋንክሽኖች ሥራ እምቢ ማለት ነው፤ ዋጋ ሲመጣ ይህን ታይፕ አልቀበልም ብለው ስህተት ያወጣሉ። ታይፑ እንደ ኤኒኤለመንት የሚተካ ከሆነ የመተኪያ ሕጉ ፓርስ ኮአርስ ነጥብ ሲ ውስጥ ይጻፋል። ከባዱ ይህ ነው፤ ሕጉ ከነባሮቹ ጋር መጣጣም አለበት። የእኔ ምክር፦ ወደዚህ ከመግባታችሁ በፊት ደረጃ 3ን ሁለት ጊዜ ድገሙት። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እዚያው አለ።

ደረጃ 5፦ ሼል ታይፕ፣ ባለቤቱ የሚመጣለት ድንጋይ

ወደምወደው ክፍል ደረስን። የራሳችንን ቀን የሚያውቅ ታይፕ እንሥራ። ጎጃም ውስጥ የእህል መዝገብ የሚያዘው በእኛ ወሮች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፣ ጳጉሜም ወር ናት። የዳታቤዙ ዴት ግን አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ቀኑን አሳምሮ ማሳየት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት በዴት አስቀምጡና ሲታይ የሚቀይር ፋንክሽን ጻፉ፤ በጣም ይቀላል። ተጠቃሚው በእጁ የሚያስገባው፣ የሚፈልገው፣ የሚያወዳድረው ቀን ከሆነ ግን ታይፕ ይገባዋል።

ችግሩ እንዲህ ነው። አዲስ ታይፕ ማስገቢያ ፋንክሽን ይፈልጋል። ማስገቢያ ፋንክሽኑ ደግሞ ታይፑን መመለስ አለበት፣ ታይፑ ግን ገና የለም። ዶሮዋ ትቅደም እንቁላሉ? መፍትሔው ሼል ታይፕ ነው። ክሬት ታይፕ ኢትቀን ብላችሁ ስሙን ብቻ ጻፉ፤ ቅንፍም ዝርዝርም የለውም።

አሁን ፒጂ ታይፕ ውስጥ ግቡና እዩት። ታይፕኢዝዲፋይንድ የሚለው ኮለም ሐሰት ይላል። ታይፕታይፑ ፒ ነው! ገና ያልተሞላ ታይፕ እንደ ስዩዶታይፕ ተመዝግቦ ይጠብቃል።

ቀጥሎ ሁለት ፋንክሽን ፍጠሩ። ኢትቀን_አስገባ ሲስትሪንግ ይቀበላል፣ ኢትቀን ይመልሳል። ኢትቀን_አስወጣ በተቃራኒው። ሁለቱም ኢሚውተብል (ለአንድ ግቤት ሁልጊዜ አንድ ውጤት የሚሰጥ) እና ስትሪክት (ባዶ ሲመጣ ባዶ የሚመልስ) ይሁኑ። ታይፑ ገና ሼል ነው የሚል ማሳሰቢያ ይመጣል፤ አትደንግጡ። ለመጀመሪያው ሙከራ ሲ መጻፍ አያስፈልግም። ቋንቋውን ኢንተርናል በሉትና የዳታቤዙን የራሱን ዴት ኢን እና ዴት አውት ስጡት።

ከዚያ ክሬት ታይፕ ኢትቀን የሚለውን ድገሙ፤ አሁን በቅንፍ ውስጥ ኢንፑት፣ አውትፑት እና ላይክ ዴት ብላችሁ። ላይክ የዴትን መጠንና አቀማመጥ ይወስዳል፣ ይኸውም አራት ባይት። ካታሎጉን እንደገና እዩት። ፒ የነበረው ቢ ሆኗል። ባለቤቱ መጣ፣ ድንጋዩ ተገፋ።

አሁን እውነተኛው ስሌት። ዴት ውስጥ ያለው ቁጥር ከፈረንጆች ጃንዋሪ 1፣ 2000 ጀምሮ ያሉት ቀኖች ናቸው። የእኛን ቀን ወደዚያ ለማምጣት ዓመቱን በ365 አባዙ። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘውን ሙሉ ቁጥር ጨምሩ። ከወሩ አንድ ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ጨምሩ። ከቀኑ አንድ ቀንሳችሁ ጨምሩ። ከድምሩ 727689 ቀንሱ።

በመስከረም 1፣ 2000 እንሞክረው። 2000 ሲባዛ በ365፣ 730000። 2000 ለ4፣ 500። ወሩና ቀኑ ዜሮ። 730500 ሲቀነስ 727689፣ 2811 ይሆናል። ከጃንዋሪ 1፣ 2000 በኋላ 2811ኛው ቀን ሴፕቴምበር 12፣ 2007 ነው። የሚሌኒየሙ ዕለት!

ስታስወጡ ወደኋላ ሂዱ። 727689 ጨምሩ፣ ለ1461 አካፍሉ። አራት ዓመት 1461 ቀን ነውና የተገኘው በ4 ሲባዛ የዙሩን መነሻ ዓመት ይሰጣል። ቀሪውን ለ365 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን በዓመቱ ላይ ጨምሩ። ቀሪው በትክክል 1460 ከሆነ ግን አራት ሳይሆን ሦስት ውሰዱ፤ ያቺ ቀን ጳጉሜ 6 ናት። የተረፈው ለ30 ሲካፈል ወርና ቀን ይሰጣል፤ በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጨምሩ።

አስገቢው ፋንክሽን ቀኑን መፈተሽም አለበት። ጳጉሜ 6 የምትኖረው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው ነው። ስለዚህ ጳጉሜ 6፣ 2015 ይግባ፤ ጳጉሜ 6፣ 2016 ይመለስ። እነዚህን ሁለት ሙከራዎች ሳታደርጉ አትለፉ። ሌላም አለ። ዴት ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ለኢንፊኒቲ ይዟቸዋል። አስወጪው ፋንክሽን ወደ ስሌት ከመግባቱ በፊት እነሱን ይለይ፤ አለዚያ ትርጉም የሌለው ዓመት ያትማል።

ሁለቱን በሲ ጽፋችሁ ስትጨርሱ በክሬት ኦር ሪፕሌስ ፋንክሽን የሙከራዎቹን ተኩ። ፒጂ ሞጁል ማጂክ የሚለውን መስመር አትርሱ፤ ያለሱ ፋይሉ አይጫንም።

ደረጃ 6፦ ወጥመዱ

እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ይህንኑ ታይፕ ሠራሁ። ማወዳደሪያ መሥራት ሰነፍኩና ከኢትቀን ወደ ዴት ኢምፕሊሲት ካስት (ማንም ሳያዘው በራሱ የሚሆን የታይፕ ለውጥ) ሰጠሁት። ውስጣቸው አንድ ቁጥር ስለሆነ መቀየሪያ ፋንክሽን እንኳ አይፈልግም። ኦርደር ባይ ሠራ፣ ኢንዴክስ ሠራ። ደስ አለኝ።

የመጋዘኑ መዝገብ ያዥ ከኅዳር 1፣ 2014 ወዲህ የገባውን ጤፍ ፈለጉ። በጥቅስ ውስጥ 2014፣ 03፣ 01 ገባ። ዝርዝሩ መጣ። ጋሼ መነፅራቸውን አስተካክለው ከላይ ጀመሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የ2007 ጤፍ እኮ ነው! ተበልቶ ካለቀ ስንት ዘመኑ። ከየት አምጥቶ ነው የሚቆጥርብኝ?»

በጥቅስ የተጻፈው ቀን አንኖውን ነው፤ ድንጋይ ነው። ዳታቤዙ ማን ይተካው ብሎ ዙሪያውን ያያል። መጀመሪያ በኢትቀንና በኢትቀን መካከል ማወዳደሪያ ፈለገ፣ አልሠራሁለትም። በኢምፕሊሲት ካስቱ በኩል የዴትን ማወዳደሪያ አገኘ። ስለዚህ ቃሉን እንደ ፈረንጅ ቀን አነበበው፣ ማርች 1፣ 2014 ብሎ። በእኛ የካቲት 22፣ 2006 ነው። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ዝም ብሎ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ የሆነ ትርፍ ጤፍ።

ማስተካከያው ረጅም አይደለም። ሁለት ኢትቀን የሚቀበሉ ስድስት ፋንክሽን ፍጠሩ። ቋንቋቸው ኢንተርናል ይሁን፤ የዴትን ዴት ኤልቲ፣ ዴት ኤልኢ፣ ዴት ኢኪው፣ ዴት ጂኢ፣ ዴት ጂቲ እና ዴት ሲኤምፒ ይዋሱ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ ኦፕሬተሮቹን ሥሩ፣ ሁሉንም በቢትሪ ኦፕሬተር ክላስ (ለመደርደርና ለኢንዴክስ የሚያገለግል የማወዳደሪያ ስብስብ) ውስጥ አስገቡና ለኢትቀን ዲፎልት አድርጉት። አሁን አንኖውን የሆነ ቃል ከኢትቀን ጎን ሲቆም ኢትቀን ይሆናል። ካስቱን ደግሞ ከኢምፕሊሲት አውጡት። ወደ ዴት መሄድ የፈለገ ሰው በግልጽ ይጻፍ።

በዚያው ቀን ማታ አስተካክዬ ሄድኩ። ጋሼ ያንኑ ቀን አስገቡ። የመጀመሪያው ረድፍ ኅዳር 3፣ 2014 አለ። ካርኒያቸውን አውጥተው አስተያዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደረጃ 7፦ የቆዩ ዳታቤዞችን መፈተሽ

ከስሪት 10 በፊት የተሠራ ዳታቤዝ ካላችሁ አንድ ነገር አጣሩ። ያኔ ከሴሌክት ላይ ቴብል ስትፈጥሩ በጥቅስ የተጻፈ ቃል ታይፑ ካልተነገረ ኮለሙ አንኖውን ሆኖ ይፈጠር ነበር። ማስጠንቀቂያ ብቻ ይወጣና ያልፋል። ከስሪት 10 ጀምሮ አንኖውን ስዩዶታይፕ ሆኗል፤ ሳይወሰን የቀረ ቃል ሴሌክቱ ሲያልቅ ቴክስት ይሆናል። ከዚያ በፊት ካለ ስሪት በፒጂ አፕግሬድ ስትሻገሩ አንኖውን ኮለም ከተገኘ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ቀድማችሁ ፒጂ አትሪቢዩት ውስጥ ታይፑ 705 የሆነ ኮለም ፈልጉና ወደ ቴክስት ቀይሩት።

ልምምዱን ስትጨርሱ ኢትቀንን ለማጥፋት ድሮፕ ታይፕ ብቻ አይበቃም። ታይፑ ፋንክሽኖቹን ይዟል፣ ፋንክሽኖቹም ታይፑን ይዘዋል። ካስኬድ ጨምሩበት፤ የተያያዘውን ሁሉ አብሮ ያጠፋል። ከዚያ በፊት ግን በዚያ ታይፕ የተሠራ ኮለም በሌላ ቴብል ውስጥ እንዳለ እዩ፤ ካስኬድ እሱንም ይዞት ይሄዳል።